መልሱ የሚጠፋው ከጠርዙ ነው፦ በደብረ ማርቆስ የተፈተኑ ሦስት ዓይነት ባዶ ዲቪዲዎች

በደብረ ማርቆስ ከተማ ሠርግ፣ ክርስትናና የማኅበር በዓል በቪዲዮ እየቀረጽሁ ስተዳደር አሥራ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ዛሬ ሙሽሮቹ ራሳቸው ፊልሙን በፍላሽ ወይም በስልክ ቢወስዱም፣ እናትና አባት ግን አሁንም የሚጠይቁት ሽፋኑ ላይ የልጆቻቸው ፎቶ የታተመበትን ዲቪዲ ነው። ፍላሽ ውሎ አድሮ ሌላ ነገር ይጫንበታል፤ ዲቪዲው ግን ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ አጠገብ ይቀመጥና እንግዳ በመጣ ቁጥር ይወጣል። ስለዚህ ባዶ ዲቪዲ ለእኔ ተራ ዕቃ አይደለም፤ ሰው በአደራ የሰጠኝ ነገር የሚያርፍበት ቦታ ነው። በሦስት የተለያዩ ሱቆች የገዛኋቸውን ሦስት ዓይነት ዲስኮች ከአንድ ዓመት በላይ ፈትኜ ያገኘሁትን የምጽፈውም በዚሁ ሥራ ላይ ላሉ ባለሙያዎችና የቤተሰባቸውን ፊልም በዲስክ ለሚያስቀምጡ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ ነው።

ነገሩን በጥብቅ እንድይዘው ያደረገኝ ከአራት ዓመት በፊት የደረሰብኝ ነው። አንዲት እናት ከቢቸና በማለዳ አውቶቡስ ተሳፍረው መጡና በነጠላቸው ጠቅልለው የያዙትን ዲቪዲ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «ልጄ፣ ሠርጉ አለ፤ መልሱ ነው የጠፋብኝ» አሉኝ። ዲስኩን አስገብቼ አየሁት። ተክሊሉ አለ፤ ሙሽራዋ ከቤቷ ስትወጣ፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ፣ ጉልበት ሲሳም፣ ሁሉም በየቦታው አለ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ላይ ሲደርስ ግን ምስሉ በትንንሽ አራት ማዕዘን ይበታተን፣ ድምፁም ይቆራረጥ ጀመር፤ መልሱ ሊገባ ሲል ዴኩ ቀጥ ብሎ ቆመ። የሙሽራዋ አባት ልጆቹን የመረቁት እዚያ መልስ ላይ ነበር፤ እርሳቸውም በዚያው ዓመት ክረምት አርፈዋል። ዋናውን ፊልም ደግሞ ኮምፒውተሬ ስለሞላ አጥፍቼው ነበር። ዲስኩን ገልብጬ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳዘነብለው፣ ከጠርዙ ወደ ውስጥ የጣት ስፋት የሚያህል ቀለበት ከቀረው ክፍል ይልቅ ገርጥቶ፣ ዘይት ጠብ ያለበት ወረቀት መስሎ ይታይ ነበር። ያን ዲስክ ለእኚህ እናት ያስረከብሁት ዴክ ላይ አስገብቼ፣ የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ አይቼ፣ ደህና ነው ብዬ ነበር።

ስሕተቴ እዚያ ላይ ነው። ዲቪዲ የሚጻፈው ከእምብርቱ ተነሥቶ ወደ ዳር ነው። የሠርግ ፊልም ደግሞ እንደ ሠርጉ ቅደም ተከተል ስለሚቀናበር፣ ዲስኩ ሙሉ ከሆነ መጨረሻው፣ ማለትም መልሱ፣ ሁልጊዜ የሚያርፈው ጠርዙ ላይ ነው። ጠርዙ ደግሞ የዲስኩ ደካማ ጎን ነው። ዲቪዲ እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊሜትር የሚወፍሩ ሁለት የፖሊካርቦኔት ሳሕኖች በማጣበቂያ ተጋጥመው የሚሠሩት ሲሆን፣ ሌዘሩ የሚጽፍበት ኦርጋኒክ ቀለምና ብርሃን የሚመልሰው ስስ ብረት በሁለቱ መካከል ይገኛሉ። ቀለሙ የሚቀባው ሳሕኑ እየተሽከረከረ በመሆኑ፣ በግዴለሽነት በተሠራ ዲስክ ላይ ወደ ዳር ሲደርስ ውፍረቱ እኩል አይሆንም፤ ማጣበቂያውም ጫፍ ላይ ከሳሳ እርጥበት መግቢያ ያገኛል። ጥቂት የተጣመመ ዲስክ ሲሽከረከር ይበልጥ የሚወዛወዘውም ዳሩ ነው፤ የሰው ጣት የሚያርፈውም እዚያው። የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ አይቶ ዲስኩን ደህና ነው ማለት እንግዲህ የጤፉን ጆንያ ከአፉ ዘግኖ አይቶ እንደ መግዛት ያለ ነው።

ለፈተናው ሦስት ባለ ሃምሳ ፍሬ ማሸጊያ ገዛሁ፤ ሦስቱም ዲቪዲ ማይነስ አር (አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ዓይነት)፣ ሦስቱም እስከ 16 እጥፍ ፍጥነት ይጻፋሉ የተባሉ፣ ሦስቱም 4.7 ጊጋባይት የሚይዙ ናቸው። አንደኛው ከአዲስ አበባ መርካቶ ያስመጣሁት ቨርባቲም ነው። ሁለተኛው ባሕር ዳር የገዛሁት፣ ላዩ ላይ ሁሉም ሰው የሚያውቀው የኤሌክትሮኒክስ ስም የታተመበት ዲስክ ነው። ሦስተኛው እዚሁ ከተማችን ውስጥ የተገኘ፣ ላዩ ላይ ምንም ጽሑፍ የሌለበት፣ ብርማ መልክ ያለው፣ ከሦስቱም ርካሽ የሆነው ነው። የሁለተኛውን ስም የማልጠቅስበትን ምክንያት ወረድ ብዬ እገልጻለሁ፤ ስሙን ብጠቅስ አንባቢን የሚያሳስት እንጂ የሚረዳ ስላልሆነ ነው።

ከየማሸጊያው አሥር አሥር ዲስክ አንሥቼ፣ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ መጻፊያ፣ በ8 እጥፍ ፍጥነት፣ እስከ ጠርዙ የሚሞላ አንድ ዓይነት ፊልም በርን አደረግሁባቸው። ለመጻፍ የተጠቀምሁበት ኢምግበርን የተባለው ነጻ ፕሮግራም ነው። ጽፎ እንደጨረሰ የተጻፈውን ከዋናው ጋር የሚያመሳክርበት ማረጋገጫ አለው፤ ሠላሳውም ዲስክ ይህን ማረጋገጫ አልፏል። ፈተናው እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ሦስቱም እኩል ናቸው ብዬ እጽፍ ነበር። ማረጋገጫው የሚነግረን ግን ዲስኩ ዛሬ፣ በዚህ መጻፊያ ላይ መነበቡን ብቻ ነው፤ የተነበበው በቀላሉ ይሁን በጭንቅ አይነግረንም። ያን ለማወቅ ኔሮ ዲስክስፒድ የሚባለውን ፕሮግራምና የስሕተት ብዛት ቆጥሮ ማሳየት የሚችል የላይትኦን መጻፊያ ተጠቀምሁ። ሁሉም መጻፊያ ይህን ቆጠራ አያደርግም፤ ስለዚህ መሣሪያውን ከመግዛት በፊት ከፕሮግራሙ ጋር መግባባቱን ማየት ያስፈልጋል።

ፕሮግራሙ ስለሚያወጣቸው ሁለት ቁጥሮች ጥቂት ማብራራት አለብኝ። ዲቪዲ ላይ መረጃ ብቻውን አይጻፍም፤ ከነማረሚያው ነው የሚጻፈው። 32 ኪሎባይት የሚሆነው መረጃ 208 ረድፍ ባለው ሰንጠረዥ ይደረደራል፤ በየረድፉ መጨረሻ 10 ባይት፣ በየዓምዱ ግርጌ ደግሞ 16 ባይት ማረሚያ ይቀመጣል። አንድ ረድፍ ውስጥ እስከ 5 ባይት ቢበላሽ ረድፉ በራሱ ማረሚያ ይስተካከላል፤ እንዲህ ስሕተት የተገኘበት ረድፍ ሁሉ ፒአይኢ በሚባለው ቁጥር ይመዘገባል። ረድፉ ራሱን ማረም ሲያቅተው ደግሞ ፒአይኤፍ ተብሎ ይቆጠርና ጉዳዩ ወደ ዓምዱ ማረሚያ ይተላለፋል። በቅኔ ቤት ተማሪው ሲሳሳት አስቀድሞ አስነጋሪው እንደሚያርመው፣ ለአስነጋሪው የከበደው ወደ የኔታ እንደሚቀርበው ማለት ነው። የዓምዱም ማረሚያ ካልቻለ ከዚያ በላይ ይግባኝ የለም፤ ምስሉ ይቆረጣል። በዲቪዲው ደረጃ መሠረት በተከታታይ 8 ሰንጠረዦች ውስጥ የሚገኘው ፒአይኢ ተደምሮ ከ280 መብለጥ የለበትም፤ ፒአይኤፍ ደግሞ በአንድ ሰንጠረዥ ከ4 እንዳያልፍ ይፈለጋል። ዲስክ ፈታሾች ግን 280 እስኪደርስ አይጠብቁም፤ ገና በተጻፈ ማግስት መቶን የተሻገረ ዲስክ ለማስቀመጥ አይመረጥም።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ቁጥሮቹ የዲስኩ ብቻ ሳይሆኑ የአንባቢውም ናቸው። ያንኑ ዲስክ በሌላ መሣሪያ ወይም በሌላ ፍጥነት ቢፈትሹት ሌላ ቁጥር ይወጣል። ስለዚህ የእኔን ቁጥር ከሌላ ሰው ቁጥር ጋር ማነጻጸር ትርጉም የለውም፤ ትርጉም ያለው በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ፍጥነት የተፈተሹ ዲስኮችን እርስ በርስ ማነጻጸር ነው። እኔ ሁሉንም በ4 እጥፍ ፍጥነት ፈተሽሁ፤ አንዱ ዲስክ ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

በማግስቱ ያየሁት ልዩነት በዓይን የማይታየውን ሁሉ ገልጦ አሳየኝ። የአሥሩ ቨርባቲም ዲስኮች ከፍተኛ ፒአይኢ ከ21 እስከ 38 ነበር፤ ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን የሚያሳይበት ስዕል ከእምብርት እስከ ጠርዝ በአጭር የታጨደ ሣር መስሎ ተዘርግቷል፤ ፒአይኤፍም ከ2 አላለፈም። ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተኝ ቁጥሩ ማነሱ ሳይሆን አሥሩም ወንድማማች መምሰላቸው ነው። የባሕር ዳሩ ዲስክ ግን እስከ 4 ጊጋባይት ድረስ ደህና፣ ከ60 እስከ 140 ባለው ውስጥ ሆኖ ይመጣና፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ድንገት እንደ ጮቄ ተራራ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከአሥሩ ሁለቱ ገና በማግስቱ በጠርዛቸው 280ን አልፈው ነበር፤ እነዚህ ሁለቱ ግን በኢምግበርን ማረጋገጫ «ተሳክቷል» የተባሉ፣ በዴክም ያለ አንዳች ችግር የተጫወቱ ናቸው። ስም የለሹ ብርማ ዲስክ ያልጠበቅሁትን አሳየኝ፤ ሰባቱ ከ50 እስከ 90 ባለው ውስጥ የተረጋጉ ሲሆኑ፣ ሦስቱ ግን መካከላቸው ላይ አንዳንድ ሹል ከፍታ ነበራቸው። ከሦስቱ አንዱን በማጉያ መነጽር ስመለከተው በሁለቱ ሳሕኖች መካከል የሰናፍጭ ፍሬ የማታህል የአየር ጠብታ ታምቃ አገኘሁ።

ፍጥነትን በተመለከተ በየስቱዲዮው የሚነገር አንድ እምነት አለ፤ ቀስ ብሎ የተጻፈ ይቆያል የሚል። እኔም ለዓመታት በ4 እጥፍ እጽፍ ነበር። ከየማሸጊያው ሁለት ሁለት ተጨማሪ ዲስክ በ4፣ በ8 እና በ16 እጥፍ ጽፌ ባነጻጽር፣ በ4 የተጻፈው ቨርባቲም በ8 ከተጻፈው ምንም አልተሻለም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ከፍ ብሎ ታየ። ምክንያቱ ለመረዳት የሚከብድ አይደለም። የዘመኑ ባለ 16 እጥፍ ዲስክ ቀለሙ ለፈጣን አጻጻፍ የተቀመመ ነው፤ መጻፊያውም በእያንዳንዱ ዲስክ ውስጥ ያለውን የአምራች ኮድ አንብቦ የሌዘሩን ኃይልና የምቱን ርዝመት የሚወስንበት ቀመር በውስጡ አለ፤ ያ ቀመር ደግሞ ይበልጥ የሚጠናው ብዙ ሰው ለሚጠቀምባቸው ፍጥነቶች ነው። በሌላ በኩል 16 እጥፍ ፍጥነት በሦስቱም ዓይነት ላይ ጠርዙን አበላሽቷል። መጻፊያው 16 እጥፍ የሚደርሰው ጠርዙ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው፤ ዲስኩ በደቂቃ ከ9 ሺህ ዙር በላይ እየተሽከረከረ፣ ከውስጥ በ6 እጥፍ ግድም ጀምሮ ወደ ዳር ሲሄድ እየፈጠነ ይመጣል። በጣም ፈጣኑ አጻጻፍ በጣም ደካማው ቦታ ላይ ያርፋል ማለት ነው። ከ16 ወደ 8 ሲወርዱ የሚጠፋው ጊዜ በአንድ ዲስክ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው፤ መልሱ የሚያርፍበትን ጠርዝ ለማዳን ሦስት ደቂቃ አይበዛም። ላፕቶፕ ላይ የሚገኙት ስስ መጻፊያዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እጥፍ ስለማያልፉ የላፕቶፕ ተጠቃሚዎች በዚህ በኩል አይቸገሩም፤ መብራት ቢጠፋም ባትሪው ይደርስላቸዋል። የዴስክቶፕ ተጠቃሚ ግን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ዲቪዲ ባይጽፍ እመክራለሁ፤ በጽሑፍ መካከል መብራት የጠፋበት ዲቪዲ ማይነስ አር ዳግመኛ አይጻፍበትም።

ሠላሳዎቹን ዲስኮች በየሽፋናቸው አድርጌ፣ በቁም ደርድሬ፣ ፀሐይ በማይገባበት ቁም ሣጥን አስቀመጥኋቸው። ክረምቱም በጋውም አለፈባቸው። በአሥራ አራተኛው ወር አውጥቼ በዚያው መሣሪያ ፈተሽኋቸው። ቨርባቲሞቹ በጥቂቱ ከፍ ብለዋል፤ ከፍተኛው 44 ነበር። ብርማዎቹ የተረጋጉት ሰባቱ እንደ ተረጋጉ ቆይተዋል፤ ሹል ከፍታ ከነበራቸው ሦስቱ አንዱ 280ን ነክቷል። ከባሕር ዳሮቹ አምስቱ ከደረጃው ወጥተዋል፤ አንዱ መጨረሻው ላይ ጨርሶ አልተነበበም። ያን ያልተነበበውን ዲስክ ገልብጬ ወደ መስኮቱ ሳዘነብለው፣ ከአራት ዓመት በፊት ከነጠላ ውስጥ ወጥቶ ያየሁት ያ ገርጣ ቀለበት ነበር። ባገኘሁት ነገር አልተደነቅሁም፤ ሐዘን ግን ተሰማኝ፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለውን ዲስክ በስሙ ተማምኜ ስንት ሰው ቤት እንዳስገባሁ አስታወስሁ።

ከዚህ ጎን ለጎን ከየዓይነቱ አንድ አንድ ዲስክ የተጻፈበትን ፊት ወደ ውጭ አድርጌ በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ ስቱዲዮዬ መስኮት ላይ ደገፍሁ። ሁለት ወር ሲሞላ የባሕር ዳሩ ከመካከሉ ጀምሮ አይነበብም፤ ብርማው ዳር እስከ ዳር ከደረጃው ወጥቷል፤ ቨርባቲሙ ወደ 120 ከፍ ቢልም ፊልሙ እስከ መጨረሻው ይታያል። ቀለሙ ብርሃን የሚለውጠው ቀለም በመሆኑ ፀሐይም ቀስ በቀስ የሌዘርን ሥራ ትሠራበታለች። ዲቪዲን በመኪና ዳሽቦርድ ላይ ወይም ፀሐይ በሚገባበት ሳሎን ከቴሌቪዥን ጎን ያለ ሽፋን የሚተው ደንበኛ ሁሉ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው፤ ከዚህ በኋላ በእያንዳንዱ ሽፋን ውስጥ «ከፀሐይ ይጠበቅ» የሚል ቁራጭ ወረቀት እጨምራለሁ።

አሁን ስለ ስም ልናገር። ዲስክ ላይ የሚታተመው ስምና ዲስኩን የሠራው ፋብሪካ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ስም ያላቸው ኩባንያዎች ዲስኩን ከታይዋን ፋብሪካ ይገዙና ስማቸውን ያትሙበታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከሌላ ፋብሪካ ይገዛሉ። እውነተኛው ማንነት ያለው በዲስኩ ውስጥ በተጻፈው የአምራች ኮድ ላይ ነው፤ ባዶውን ዲስክ አስገብተው ኢምግበርንን ሲከፍቱ በቀኝ በኩል ይታያል። የእኔ ቨርባቲም «ኤምሲሲ 03አርጂ20» ይላል፤ ይህ የሚትሱቢሺ ኬሚካል ኮድ ነው። ከባሕር ዳር የገዛሁትን ዓይነት ግን ፈተናው ካለቀ በኋላ ከዚያው ሱቅ፣ በዚያው ሽፋን፣ በዚያው ዋጋ ሁለተኛ ማሸጊያ ገዝቼ ኮዱን ባየው ከመጀመሪያው ጋር አይገናኝም፤ የሌላ ፋብሪካ ነበር፤ ሲፈተሽም ከመጀመሪያው በጣም የተሻለ ሆነ። ስሙን ያልጠቀስሁት ለዚህ ነው። ስም የለሹ ብርማ ዲስክ ደግሞ ኮዱ የአንድ ትልቅ የታይዋን ፋብሪካ ነው፤ ያልታተመበት ስም እንጂ ወላጅ የሌለው አይደለም።

የፋብሪካዎቹም ታሪክ ቢሆን ባለበት የቆመ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 የመጀመሪያውን የሚጻፍበት ሲዲ የሠራው፣ ለብዙ ዓመታትም ፈታሾች እንደ መለኪያ ያዩት የነበረው የጃፓኑ ታዮ ዩደን እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ከዚህ ሥራ ወጥቷል። የቨርባቲም ስምና ሥራም እ.ኤ.አ. በ2019 ከሚትሱቢሺ ወደ ታይዋኑ ሲኤምሲ ማግኔቲክስ ተላልፏል። ስለዚህ ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ባለሙያ ያመሰገነውን ስም ይዞ ዛሬ ሱቅ መሄድ አይበቃም፤ ኮዱን ማየት፣ ከኮዱም በላይ የገዙትን ማሸጊያ ራሱን መፈተሽ ያስፈልጋል፤ የታወቀ ኮድ አስመስለው የሚያትሙም አሉና። እኔ አሁን ከአዲስ ማሸጊያ ሁለት ዲስክ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አንሥቼ እስከ ጠርዙ ሞልቼ እጽፍና እፈትሻለሁ፤ ሁለቱም ካለፉ የቀሩትን አርባ ስምንት በልበ ሙሉነት እጠቀማለሁ።

መሣሪያ የሌለው ሰውስ? ሦስት ነገሮችን በዓይኑ ማየት ይችላል። ባዶውን ዲስክ ገልብጦ በብርሃን ፊት ቀስ ብሎ ሲያዞረው ቀለሙ ከእምብርት እስከ ዳር አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ደመና፣ ጅራት ወይም ጠርዙ ላይ የፈሰሰ የሚመስል ምልክት ካለ አይግዛው። በጎን በኩል ሲያየው ሁለቱ ሳሕኖች ዙሪያውን እኩል ተጋጥመው መታየት አለባቸው። ከጻፈ በኋላ ደግሞ ፊልሙን ከመጀመሪያው ሳይሆን ከመጨረሻው ይመልከት፤ ወደ መጨረሻው አሥር ደቂቃ በአንድ ጊዜ ዘልሎ፣ በአሮጌ ዴክ ላይ። አሮጌ ዴክ ያልሁት ሆነ ብዬ ነው። ዲስኮቹን በሦስት ሰው ቤት ዴኮች ላይ ሞክሬያቸው ነበር፤ ከሦስቱ አንዱ ብዙ ዓመት ያገለገለ፣ ሌንሱ የደከመ ነው፤ ፒአይኢያቸው 200 ያለፈ ዲስኮችን ሁለቱ አዳዲሶች ሲያጫውቱ እርሱ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይቆራርጥ ነበር። የደንበኞቼ ዴክ ደግሞ አብዛኛው እንደዚህኛው ነው።

ዋጋን በሚመለከት፣ ቨርባቲሙ ከብርማው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው፤ የባሕር ዳሩ በሁለቱ መካከል ይውላል። በአንድ ሠርግ ላይ ግን የዲስክ ወጪ ከቀረጻው፣ ከቅንብሩና ከሽፋኑ ጋር ሲተያይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ለደንበኛ በማስረክበው ፊልም ላይ እንግዲህ ከቨርባቲሙ ሌላ አልጠቀምም። ብርማውን ለማሳያ፣ ለሙከራና ደንበኛው አይቶ እርማት እንዲሰጥበት ለምሰጠው ረቂቅ ይዤዋለሁ፤ ለዚያ ከበቂ በላይ ነው። የመጀመሪያው የባሕር ዳር ማሸጊያ የቀሩት ዲስኮች መደርደሪያዬ ላይ አሉ፤ አልሸጥኋቸውም፣ ለሰውም አልሰጠሁም።

ስለ ሲዲ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ከሠርጉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። እንደ ዋሸራና እንደ ጎንጅ ያሉ የቅኔ ቤቶች በወጡበት በዚህ በጎጃም ምድር የየኔታዎች ድምፅ በካሴት ተቀድቶ በየደቀ መዝሙሩ ቤት ይገኛል። ባለፉት ሁለት ዓመታት አንድ የኔታ ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ ቅኔ የዘረፉባቸውን ካሴቶች ተማሪዎቻቸው አምጥተውልኝ ወደ ሲዲ ስገለብጥ ቆይቻለሁ። የኔታ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ካሴቶቹም እየሳሱ ነው። ሲዲ እንደ ዲቪዲ በሁለት ሳሕን መካከል የታቀፈ አይደለም፤ ቀለሙና ብረቱ ያሉት ከላይ፣ ጽሑፍ ከሚጻፍበት ፊት ሥር፣ ከስስ ቫርኒሽ በታች ነው። ብዙ ሰው የታችኛውን ፊት እየተጠነቀቀ የላይኛውን ግን በእስክሪብቶ እየጫነ ይጽፍበታል፤ በዚህ ዓይነት ከተጻፉ ሲዲዎች አንዱን ወደ አምፖል ባነሣው፣ «መወድስ» የሚለው ቃል ፊደል በፊደል ብርሃን አሳልፎ ይነበብ ነበር፤ ከሥሩ የነበረው ድምፅ ግን የለም። ለሲዲ ለስላሳ ጫፍ ያለው የዲስክ ማርከር፣ ያውም በእምብርቱ ዙሪያ ባለው ባዶ ቀለበት ላይ ብቻ መጠቀም ይገባል። የሚለጠፍ ወረቀትም በሲዲ ላይ ይሁን በዲቪዲ ላይ አልደግፍም፤ ሲሽከረከር ሚዛኑን ያዛባል፤ ሙጫው ሲደርቅም ዲስኩን ያጣምማል።

በሲዲ ላይ የሚቆጠረው ስሕተት ሲ1 (በመጀመሪያው ማረሚያ ደረጃ የሚገኘው) እና ሲ2 (ለዚያ ማረሚያ የከበደው) ይባላል። የመጀመሪያው በአማካይ በሰከንድ ከ220 እንዳያልፍ ይፈለጋል፤ ሁለተኛው ግን ለሚቀመጥ ዲስክ ዜሮ መሆን አለበት። የየኔታን ድምፅ ከያዙት ሲዲዎች ሲ2 ያሳየ አንድም ወደ መደርደሪያው አልገባም፤ እንደገና ነው የተጻፈው። ከመጻፌ በፊት ባዶውን ዲስክ ከእምብርት ወደ ዳር በቀጥታ፣ በማይቦጫጭር ጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ አቧራ ላይ የተጻፈ ዲስክ በኋላ ቢጠረግም አቧራዋ ያጠላችበት ቦታ ሳይጻፍ ይቀራልና። እያንዳንዱ ካሴት በሁለት ሲዲ ላይ አለ፤ ሁለቱም የተለያየ ኮድ ካላቸው ማሸጊያዎች የወጡ ናቸው፤ አንዱ እኔ ዘንድ፣ ሌላው የኔታ ያስተማሩበት ቅኔ ቤት ይገኛል። የእኔዎቹን በጥቅምት እንደገና እፈትሻቸዋለሁ፤ ቁጥራቸው ከእጥፍ በላይ ከፍ ያለ ካለ በዚያው ሳምንት በአዲስ ዲስክ ላይ ይገለበጣል።